የእናቷ ማሳረጊያ

እንዳላማው በዚህም ቅዳሜ ቀረ።

የኔአለም ቫዮሊኗን ቃኝታ፣ የሱን ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ የሳሎኑን በር እንደ ደንቡ ወለል አድርጋ ከፍታ ስትጠብቅ የትምህርቱ ሰዓት አለፈ። ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደገመች። ከዚያ ጭራሽ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው ብላ እንዳትጽናና የደብረ ማርቆስ ኔትወርክ እንደዛሬም ሠርቶ አያውቅ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቆሞ በስልክ ያወራል። በሚመጣው እሁድ ሽማግሌዎች ዘር ሊቆጥሩ ይመጣሉ፤ ሽማግሌ የላከው ሰውዬ ግን ስልኩን ዘግቶ ተቀምጧል። ምን ማለት ነው ይኼ? ኧረ ምን ማለት ነው?

"ያ ልጅ ዛሬም የለም?" አሉ አባቷ መሪጌታ ፍሥሐ ከጓዳ ብቅ ብለው።

"ሥራ በዝቶበት ነው፣ አባዬ።"

"እህም" አሉ መሪጌታ።

የመሪጌታን "እህም" የማያውቅ ሰው ምንም አላሉም ብሎ ያልፋል። የኔአለም ግን ታውቀዋለች። ብዬሽ አልነበረም ወይ ማለት ነው።

እውነትም ብለዋት ነበር። እናቷ ወይዘሮ የብርጓል ያረፈች ዓመት የኔአለም ዝም አለች። መድኃኒት ቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ለሰው ፈገግ ትላለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ቃል አይወጣትም። አንድ ቀን እራት ላይ "ቫዮሊን መማር እፈልጋለሁ" አለች። መሪጌታ ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲማሩና ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቫዮሊን ለሳቸው የመጠጥ ቤት ዕቃ ነው። ነገር ግን ልጃቸው እናቷን ከቀበረች ወዲህ እፈልጋለሁ ያለችው የመጀመሪያ ነገር ስለሆነባቸው እምቢ ማለት አቃታቸው። "እሺ። ግን እዚሁ ቤት። በሩም ተከፍቶ" አሉ።

እንዳላማው በተከፈተው በር ገባ። አማኑኤል ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰ፣ ቫዮሊኑን ጀርባው ላይ አዝሎ በባጃጅ ከቤት ቤት እየዞረ የሚያስተምር ቀጭን ሰው ነው። አስተማሪነቱ እንደሌሎቹ አይደለም። ለሁሉም አንድ ትምህርት ይዞ አይዞርም። ጣታቸው ለደረቀባቸው ጡረተኛ ሌላ ነው፣ ቁጭ ማለት ለማይችለው የነጋዴ ልጅ ሌላ ነው። ለየኔአለም ኖታ ሰጣት፤ ጨረሰችው። ሌላ ሰጣት፤ እሱንም ጨረሰችው። አንድ ነጥብ አትስትም።

"አንቺ ሴትዮ የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ለምደሽ ነው መሰለኝ፣ ኖታውን እንደ ማዘዣ ነው የምትጫወቺው" አላት።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። እሱ ነው ጥፋቱ።"

ወረቀቱን ከፊቷ ሲያነሳባት የቫዮሊኑ ቀስት እጇ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያልተጻፈ ነገር መጫወት ያስፈራታል። "ብሳሳትስ?" አለች።

"ራስሽ ለምታወጪው ነገር ማን ተሳሳትሽ ይልሻል? ብቻሽን ስትሆኚ ምን ታንጎራጉሪያለሽ? እሱን በይልኝ።"

እያፈረች እናቷ ስታስተኛት የምትለውን እሹሩሩ አንጎራጎረችለት። የእንዳላማው ፊት በራ። "አያቴ እኮ ይቺን ነው የምትለው!" አለ። ተሳሳቁ። እናት የተባለ ሁሉ እሹሩሩ ይላልና ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አላሰቡበትም። እንዲያውም ፈጣሪ ያገናኘን ለዚህ ነው አሉና ያችን ዜማ ዓመት ሙሉ ትምህርታቸው አደረጓት። እሱ አንድ ሐረግ ያወጣል፣ እሷ ትመልሳለች፤ እሷ ታጣምማለች፣ እሱ ያቃናል። "ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ ማለት ይኼው ነው፤ የምታውቂውን ይዘሽ ወደማታውቂው መሄድ" ይላታል። ወደማታውቀውም ሄደች። ቀስቱን ሊያስተካክልላት እጇን ሲይዝ ሁለቱም ዝም ማለት ጀመሩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መሪጌታ ከጓዳ እያሳሉ፣ ፍቅር ግን ገብቶ ተቀመጠ።

መሪጌታ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች "ልጄን ለአጫዋች?" ብለው መለሷቸው። ሁለተኞቹንም መለሱ። በኋላ ግን ልጃቸው ስትስቅ ሰሙ፤ ጓዳ ድረስ የሚሰማ ሳቅ። "በሉ እንግዲህ ዘር እንቆጣጠር" አሉ። ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ በአባትም በእናትም፤ እዚያ ውስጥ ዘር ከተገናኘ ጋብቻ የለም። ካልተገናኘ ቀን ይቆረጣል።

ይኼ ሁሉ ተደርጎ ነው እንግዲህ እንዳላማው ድምፁን ያጠፋው። የኔአለም ቫዮሊኗን ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ስትዘጋ እንባዋ መጣ። ጠልቶኝ ነው፣ አለች በልቧ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ ቆማ ቀና ስትል ከተራው መሀል አየችው። ልቧ ዘለለ። ከፊቱ ጉንፋን የያዘው ወታደር አለ፣ ከኋላው በነጠላ የተጠቀለሉ ሳል ያለባቸው እናት። ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲጠጋ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ተቆጥታው ነበር፤ የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። ስታየው ሁሉም ጠፋባት።

"ታመሃል?"

"አልታመምኩም። ስሚኝ፣ የኔአለም። ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ ስሚኝ። አያቴ ጋ ሄጄ ስላንቺ ነገርኳት። ዜማውንም አንጎራጎርኩላት፣ እናቷ ትላት የነበረ ነው ብዬ። የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ።"

"ለምን?"

"ያችን ዜማ ያወጣችው ራሷ ናት። ዲማ አጠገብ የነበረ መንደር ውስጥ፣ ልጅ ስታስተኛ። ከኔ በቀር የሚያውቃት የለም አለችኝ። ከአባቴ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ወረርሽኝ ገብቶ መንደሩን በጠራረገ ዓመት እሷ ታማ ወደቀች፤ ልጅቷን ከሚሸሹ ሰዎች ጋር ወደ ደብረ ወርቅ ላከቻት። አልተመለሰችም።"

የኔአለም የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። የእናቷን ታሪክ እንዳላማው ያውቀዋል፤ ራሷ ናት የነገረችው። ወይዘሮ የብርጓል በልጅነቷ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ስታለቅስ ተገኝታ አንድ ቄስ ቤት ያደገች ልጅ ናት። የአባቷን ስም እንኳ አታውቅም ነበር። የምታስታውሰው ያንን ዜማና እጇን ይዛት ትሄድ የነበረች አንዲት ልጅ ብቻ ነበር።

"እናቴ..." አለች። አልጨረሰችውም።

"አክስቴ ናት ማለት ነው። አንቺም..." እሱም አልጨረሰውም።

እህቴ ነሽ ሊል ነው። የአክስት ልጅ እህት ናት፤ እዚህ አገር ለዚህ ሌላ ስም የለውም። ስንት ጊዜ ነው እጇን የያዛት? ስንት ጊዜ ነው ያንን እጅ በልቧ የሳመችው? ከዚያ የገዛ አፏ የባሰ ነገር አወጣ።

"ዝም ብንልስ?"

ብላው ደነገጠች። እንዳላማው ግን አልደነገጠም።

"ስልኬን የዘጋሁት ለዚህ ነው" አለ። "ካነሳሁት እኔም ይኼንኑ እንደምልሽ አውቄ ፈራሁ።"

"ልጄ፣ የኛንም ሳል እዩልን እንጂ!" አሉ እናትየዋ ከኋላ።

"አሁን እማማ፣ አንድ ጊዜ" አለች የኔአለም፤ ድምጿ የሷ አልመስል አላት። "እርግጠኛ ናት? ዜማ እኮ በነፋስም ይሄዳል።"

"እሁድ ራሷ ትመጣለች። ለያንዳንዱ ልጅ የዜማውን ማሳረጊያ ለብቻ ነው የምታወጣው። ለአባቴ ሌላ፣ ለኔ ሌላ። ለዚያች ለጠፋችው ልጅ ያወጣችውን ከጠፋች ወዲህ ለማንም አላለችውም። ማሳረጊያውን ከሰማሁ ልጄ መሆኗን አውቃለሁ ትላለች።"

"ማሳረጊያውን አላሰማሃትም? አንጎራጎርኩላት አላልክም?"

"የቱን?" አለ እንዳላማው። "መጨረሻው ላይ አንቺ ያወጣሽው አለ፣ እኔ ያወጣሁት አለ፣ አብረን ያጣመምነው አለ። የእናትሽ የቱ ነው? እኔ ጠፍቶኛል፣ የኔአለም። ላንቺስ?"

እንዳላማው ዞሮ ሲወጣ ሳል ያለባቸው እናት ፊቱን አይተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አይዞህ ልጄ፤ ዛሬ መድኃኒት የሌለው በሽታ የለም" አሉት። የኔአለም ይኼን ስትሰማ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

በዚያ ሳምንት ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ቫዮሊኑን ታወጣለች። መጀመሪያው ምንም አይል፤ የእናቷ ነው፣ እንደ ውኃ ይፈስሳል። መሀሉም የእናቷ ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን እጇ የሚሄድበት አይታወቅም። አንዴ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ይኼ ክረምት ላይ እንዳላማው ያወጣው አይደለም? አንዴ ወርዶ ይዞራል፤ ይኼኛውስ የማን ነው? ዓይኗን ጨፍና የእናቷን ፊት አመጣች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ፣ ድምፁ አልመጣም። እንዴት የእናቷን ድምፅ ታጣለች? በፍቅር ተደስታ ስትጫወትበት፣ ስትጨምርበት፣ ስታሳምረው፣ የእናቷን ከላዩ ላይ አጥፍታው ቁጭ አለች።

መዋሸትም አትችልም። ውሸታም ብትሆን እንኳ፣ እማማ ጤናዬ ማለት የእንዳላማው አያት ናቸው፣ የሳቸውን ማሳረጊያ አታውቀውም። ዝም ብላ ደስ ያላትን ብትጫወት ያ ራሱ የሳቸው ሆኖ ቢገኝስ? እየሸሸች መስሏት ወጥመዱ ላይ ብትቆምስ?

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ "ወገን የለኝም" ስትል ኖራለች። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ የራሱን ሲያለቅስ እሷ ለማን እንደምታለቅስ አታውቅም ነበር። አሁን እናቴ ነኝ የሚሉ ሴት ተገኙላት፤ በሕይወት ያሉ፣ በእግራቸው የሚመጡ። ልጇ ደግሞ ቁጭ ብላ ምነው ባልሆኑ እያለች ትጸልያለች። ማርያምን፣ የቱን ልለምንሽ?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጨረሻውን እያጣመመች ስትሞክር ቀና ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆመው አየቻቸው። አንዱን ሞከረች፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ሌላውን ሞከረች፤ አሁንም ነቀነቁ።

"እህም" ብለው ሄዱ።

እንግዲህ ይኼን ዕቃ እስከ መቼ ልታስጮኺብኝ ነው ማለታቸው መሰላት። ይቁሙ ብላ ልትጠራቸው፣ እግራቸው ላይ ወድቃ ሁሉን ልትናገር ከአፏ ደርሶ ነበር። ልጃቸውን የሚሰጡት ሰው ወንድሟ ሳይሆን አይቀርም ብላ መሪጌታን እንዴት ትንገራቸው? ፈራች። ፍርሃቱም አብሯት አደረ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ፊት ፊት የሚሉት የእንዳላማው አጎት አቶ ደርቤ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች። ለቆጠራ ሴት አትመጣም፤ ሙሽራ የሚሆነውም ሰው ደጅ አይታይም። በዚህ ቀን ግን እማማ ጤናዬ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ተደግፈው ገቡ። ያለሱ መራመድ አይችሉም ተብሎ እንዳላማውም በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የኔአለምን ቀና ብሎ አላያትም። እማማ ጤናዬ ግን አዩዋት፤ ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ከአገጯ እስከ ጣቶቿ። ሰው የጠፋበትን ዕቃ እንዲያ ነው የሚያየው።

ቆጠራው ተጀመረ። አቶ ደርቤ የወንድ ወገንን በአባት ቆጠሩ፣ በእናት ቆጠሩ፣ ስም ሲጠፋባቸው ሽማግሌዎቹ አስታወሷቸው። መሪጌታ የራሳቸውን ወገን ሳይደናቀፉ እስከ ሰባተኛው ቤት አወረዱት። አልተገናኘም።

"የእናቷስ ወገን፣ መሪጌታ?"

"የእናቷን የምቆጥርበት የለኝም" አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። "የብርጓል ለኔ ከደብረ ወርቅ መንገድ ነው የምትጀምረው።"

አቶ ደርቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሟችን ስም ማንሳት ከበዳቸው። "የማይታወቀውን እግዜር ያውቀዋል። እኛ ግን የቆጠርነው አልተገናኘም። ሽማግሌዎች፣ ይለፍ እንበል እንዴ?"

"ይለፍ" አለ አንደኛው። ሌላው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

የኔአለም ወደ እማማ ጤናዬ ዞረች። አሮጊቷ ሊናገሩ ቃጥተው ተዉት። የሰው ትዳር እንዳያፈርሱ ፈርተዋል። እንዳላማው መሬት መሬት ያያል። ይለፍ ከተባለ አለቀ ማለት ነው። ቀን ይቆረጣል፣ ድግስ ይደገሳል፣ ልጅ ይወለዳል፤ ያ ልጅ ሲያለቅስ ግን ምን ብላ ታስተኛዋለች? ያንን ዜማ አፏ ላይ ባመጣች ቁጥር የምትንቀጠቀጥ እናት ልትሆን ነው?

"አይለፍ" አለች።

ሁሉም ዞሩ። ሴት ልጅ በቆጠራ መሀል ስትናገር ማን ሰምቶ ያውቃል!

"እማማ ጤናዬ የመጡት እናቴ ልጃቸው ትሁን አትሁን ለማወቅ ነው። እናቴ ትለው ከነበረ ዜማ ላይ ያውቁታል። አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።"

መሪጌታ እህም እንኳ አላሉም። የኔአለም ቫዮሊኑን አመጣች። አገጯ ስር አስደገፈችው፤ ቀስቱ ክሩን ሲነካ አንዴ ሲጥ አለ። ከዚያ ዜማው ወጣ። መጀመሪያው ሲሰማ እማማ ጤናዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። መሀሉ ሲደርስ ራሳቸውን ወዲያ ወዲህ ማድረግ ጀመሩ። እንባቸው ያለ ድምፅ ይወርዳል። የኔአለም ግን ወደ መጨረሻው እየቀረበች ነው። ቀረበች፤ ደረሰች።

ቀስቷ ቆመ።

"ቀጥዪ እንጂ፣ የኔ ልጅ" አሉ እማማ ጤናዬ።

"አላውቀውም" አለች፤ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። "ጠፋብኝ። እየጨመርኩበት የእናቴን አጠፋሁት!"

እንዳላማው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ወደሷ ሊሄድ፣ ግን እንዴት ብሎ? እንደ ምኗ ሆኖ? እዚያው ቆሞ ቀረ።

"ሳምንቱን ሙሉ ስትሞክሪ ሰማሁሽ" አሉ መሪጌታ። "አንዱም የእሷ አይደለም።"

"አባዬ?"

"ዜማውን የምታሳርፊው ያለ ቦታው ነው። እሷ እዚያ ላይ አታሳርፍም ነበር።"

መሪጌታ ፍሥሐ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። ያ ጉሮሮ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ከማኅሌት በቀር ለምንም አልተከፈተም፤ ሠርግ ላይ እንኳ አጨብጭበው አያውቁም። አሁን ዓይናቸውን ጨፈኑና የሚስታቸውን እሹሩሩ ማንጎራጎር ጀመሩ። ያለ ቃል፣ በቀጭኑ፣ ሕፃን እንዳይነቃ ብሎ እንደሚፈራ ሰው። ከጓዳ ሆነው በሰሙባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሳይጠየቁ፣ ሳይናገሩ፣ ይዘውት ኖረዋል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ወጣ አለ፣ ቆየ፣ ከዚያ እየተንከባለለ ወረደና አረፈ። የኔአለም አወቀችው። እሱ ነው! እናቴ ናት! ወዲያው ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ። አሁን እማማ ጤናዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ነው።

"ድገሙልኝ፣ መሪጌታ" አሉ።

ደገሙላቸው።

እማማ ጤናዬ እጃቸውን ገልብጠው አዩ። አንድ ቃል ነው የቀረው፤ ከዚያ ቃል በኋላ ወይ ባል ይኖራታል ወይ ወንድም።

"የማንጠግቦሽ ነው" አሉ።

"ማን?" አሉ አቶ ደርቤ።

"ማንጠግቦሽ ጎረቤቴ ነበረች። እሷም ባሏም ከአባይ ማዶ የመጡ፤ በዘር የትም አንገናኝ። ባንድ ሰሞን ወለድን። ዜማውን ከኔ ለመደች፤ ማሳረጊያውን ግን ለልጇ ራሷ አወጣች፣ ይቺን ነው መሪጌታ ያሉት። ያ በሽታ ባልና ሚስቱን በአንድ ሳምንት ወሰዳቸው። ዜማዋም አብሯት የተቀበረ መስሎኝ ረሳኋት። ልጄን አገኘሁ ያልኩበት ደስታ አስረሳኝ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "የኔ አይደለችም። የኔ እንዲህ አይደለም የሚያልቀው።"

ሽማግሌዎቹ በአንድነት ተነፈሱ። "እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ አቶ ደርቤ። የኔአለም ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ቀና ስትል እንዳላማው ያያታል፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓይኑን ጥሎ ያያታል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት።

ከዚያ እማማ ጤናዬን አየች።

አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነበር የመጡት። ልጃቸውን ሊያገኙ።

"መሪጌታ" አሉ አሮጊቷ። "ስትገኝ ብቻዋን ነበረች አሉኝ?"

"ብቻዋን ነበረች።"

"ሌላ ልጅ አልነበረችም? እጇን የያዘች?"

መሪጌታ መልሱ ከበዳቸው። "እጄን የያዘችኝ ልጅ ነበረች ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ አታስታውስም።"

"እሷ ናት የኔ" አሉ እማማ ጤናዬ። "የማንጠግቦሽን ልጅ እጅ አትልቀቂ ብያት ነበር። የኔ ናት ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? የልጅ ልጅ አገኝ ነበር፣ ቤት ሙሉ ወገን። ግን ይኼ ልጅ እንደዚህ እያያት እንዴት ብዬ?" እንዳላማውን በአገጫቸው አመለከቱ።

የኔአለም ቫዮሊኗን ይዛ ተነሣችና ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"የሷን ይበሉልኝ" አለች።

"ምን ያደርግልሻል?"

"እይዘዋለሁ። የልጅዎን አንድም ሰው ሳይዘው አይቅር። ልጅ ስወልድ የእናቴንም የሷንም እላለሁ።"

"እፈራለሁ፣ ልጄ። ካወጣሁት የሚያልቅብኝ ይመስለኛል።"

"እኔም እፈራለሁ፣ እማማ።"

እማማ ጤናዬ ከንፈራቸውን አንዴ አረጠቡ። ከዚያ ከስንት ዘመን በኋላ ያችን ማሳረጊያ አወጧት፤ አጭር ናት፣ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትወጣለች። የኔአለም ሰማች። ኖታ የለም፣ የሚያርማት የለም፣ እንዳላማውም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቀስቱን አነሣችና መለሰችላቸው። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ነኩ።

"እዚያ ላይ ረዘም አድርጊው" አሉ። "እዚያ ላይ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።"

የኔአለም አረዘመችው።